ሁለት ጠማማ ቀዳዳ ያላት ቁልፍ

እንኳየሁ ነጋን የሚያውቁት ሁሉ ጆሮው ነው የሚያበላው ይሉ ነበር። አልተሳሳቱም። ሰባት ዓመት በመሐንዲስ ጦር ውስጥ ፈንጂ ሲለቅም ኖሮ፣ የግራ እግሩን ሦስት ጣቶች ሰሜን ግንባር ትቶ ሲመለስ፣ ጎንደር ከተማ ያለ አንድ የቅርስ መሥሪያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂነት ቀጠረው። መሥሪያ ቤቱ ከጦሩ የተረፈ አንድ አሮጌ የፈንጂ መፈለጊያ ነበረው፤ ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ክብ ሰሌዳ፣ ጀርባ ላይ የሚታዘል ባትሪ፣ ሁለት ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ። ብረት ያለበት መሬት ላይ ሲያልፍ ያፏጫል። ለሌላው ሰው ፉጨቱ ሁሉ አንድ ነው። እንኳየሁ ግን ሚስማሩን ከጥይት ቀለህ፣ ቀለሁን ከቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን ከነሐስ በጆሮው ይለያል። ይህን ያስተማረው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ካስተማረ አይቀር በደንብ ነው የሚያስተምር።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው አስጠሩት። ጓድ አንዳርጋቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። ችግራቸው ጋዜጣ አብዝቶ ማንበብ ነበር፤ ሰላምታ እንኳን ሲሰጡ ርዕሰ አንቀጽ የሚያነቡ ይመስላሉ።

«ጓድ እንኳየሁ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን እንከፍታለን» አሉት። «አንዱ ክፍል ሕዝባችን ከፋሺስት ጣሊያን ጋር ያደረገውን ተጋድሎ ያሳያል። ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ብቻ ሰቅለን አንቀርም። ቁልፍ ይሁን ዘለበት፣ ቀለህ ይሁን የራስ ቁር፣ ከመሬት አውጣልኝ። ሾላ በር ላይ ምሽግ ነበራቸው አይደል?»

ነበራቸው። ሾላ በር ከጠዳ በላይ ያለች ራሰ በራ ኮረብታ ናት። የእንኳየሁ አባት ነጋ በአርበኝነት ዘመን ጭኑን በጥይት የተመታው እዚያ ነበር፤ ከሞተ የጣሊያን መኮንን ካፖርት ላይ ስድስት የነሐስ ቁልፍ በሳንጃ ቆርጦ ያመጣውም ከዚያው ነው። ነጋ ከሞተ ቆይቷል። ቁልፎቹ ግን በአንዲት የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ እናቱ ወይዘሮ ወርቅውሃ ዘንድ አሉ።

እናቱ የት እንደሚሄድ ሲነግራት ደስ አላት። «ምነው ታዲያ መሬት ለመሬት መልከስከስ?» አለችው፣ እንዝርቷን እንደያዘች። «ቁልፍ ከፈለጉ እኔ ዘንድ አምስት አለ አይደል?»

«ስድስት ነበሩ፣ እምዬ።»

«አንዷማ የታከለ ኮት ላይ ናት። ሲመጣ ይዟት ይመጣል።»

እንኳየሁ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ታከለ ታናሽ ወንድሙ ነው። በዚህ ቤት ስለ ታከለ ሲነሳ ዝም ማለት ልማዱ ካደረገ ስድስት ዓመቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ታከለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ከተማው ውስጥ ወረቀት የበተነ፣ ስብሰባ የሄደ ወጣት ሁሉ ራሱን ያጋልጥ፣ ምሕረት ይደረግለታል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። እንኳየሁ ያን ጊዜ እግሩን ቆስሎ ከግንባር መመለሱ ነበር። የመንግሥትን ቃል ያምናል። ወታደር ካላመነ ማን ያምናል? «ሦስት ሳምንት ያስተምሩሃል፣ ከዚያ ትመለሳለህ» ብሎ ወንድሙን ሁለት ቀን ለመነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ይዞት ወጣ። እናታቸው በር ላይ አቁማ የልጇን ቡናማ ኮት እስከ አንገቱ ቆለፈችለት፤ የላይኛዋ ቁልፍ ጠፍታ ስለነበር ከነጋ የጣሊያን ቁልፎች አንዷን፣ ነጋ በሚስማር የበሳትን፣ ራሷ ሰፍታለት ነበር። ታከለ «ፋሺስት ጉሮሮዬን አነቀኝ» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። እንኳየሁ በገዛ እጁ ወስዶ አስረከበው።

ሦስት ሳምንቱ አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት እንኳየሁ ስንቅ ይዞ ሲሄድ፣ የእስር ቤቱ ዘበኛ አገልግሉን ሳይከፍት መለሰለት። «ከእንግዲህ አታምጣ» አለው፣ ፊቱን ሳያይ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ጎንደር ውስጥ አልነበረም። እንኳየሁ የሞላ አገልግል ታቅፎ እቤቱ በር ሲደርስ እናቱ አየችው፤ አፏን ከመክፈቷ በፊት «አመለጠ!» አላት። «ከእስር ቤት አምልጦ በመተማ ሱዳን ገብቷል፣ ሰው ነገረኝ።» ከየት እንደመጣለት አያውቅም። አንዴ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን የሚመልስበት መንገድ አጣ።

እናቱ አመነች። ከማመንም አልፋ በያመቱ ጥጥ እየፈተለች፣ ለሸማኔ እየሰጠች፣ አንድ ወፍራም ጋቢ ታሠራለታለች። «በመተማ ሾፌሮች ስደድለት» ብላ ለእንኳየሁ ትሰጠዋለች። እንኳየሁም ተቀብሎ ግምጃ ቤት ባለች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ስድስት ጋቢ አከማችቷል። ብል እንዳይበላቸው በያመቱ ሰው በሌለበት እያወጣ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። ለልጇ ሰው ቢያዝንላት፣ ቢያስተዛዝናት፣ «ሟርተኛ! ልጄ በሕይወት አለ» ብላ ታባርራለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ለታከለ አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም።

ሾላ በር ላይ ሦስት ቀን በሰላም አለፈ። ዝናቡ አፈሩን አለስልሶታል፤ መሣሪያው እያፏጨ እንኳየሁ ዘለበት፣ የተቀጠቀጠ ኮዳ፣ ባለኮከብ ቁልፍ፣ በመቶ የሚቆጠር ቀለህ አወጣ። አጠገቡ የሚያርሱት አያ የሻው የሚባሉ ገበሬ፣ ዝናብ ሲያባራ እየመጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። መሣሪያውን «ድስት ክዳኑ» ነበር የሚሉት።

«ድስት ክዳንህ ሸጋ ነው» አሉት አንድ ቀን። «ግን በዚያ፣ በስተ ምዕራብ በቁልቁለቱ በኩል አትሂድበት።»

«ምነው፣ አያ የሻው?»

«ረግረግ ነው። ጣሊያንም እዚያ አልደረሰም።»

እንኳየሁ መሬቱን አየው። ተዳፋት ነው፤ ተዳፋት ደግሞ ረግረግ አይሆንም። ሽማግሌው መዋሸት የማይችሉ ሰው መሆናቸው ገባው። ያኔ መተው ይችል ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያስበው ምነው በተውሁት ይላል፤ ወዲያው ደግሞ እንኳንም አልተውሁት ይላል። በአራተኛው ቀን አያ የሻው ገበያ ሲወርዱ ጠብቆ በቁልቁለቱ ሄደ።

ፈንጂ ለቃሚ አንድ ሕግ አለው፤ መሬት ከመንካቱ በፊት ይጽፋል። የሰማውን ይጽፋል፣ ከዚያ ይቆፍራል፤ እሱ ቢሞት ተከታዩ ሰው ምን እንደነበረ እንዲያውቅ ነው። እንኳየሁም ገጾቹ በቀለም የተቆጠሩትን የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ አውጥቶ፣ በጆሮው የሰማውን «ተራ ቁጥር አርባ አንድ፤ ቁልፍ፣ ነሐስ» ብሎ ጻፈ። በሳንጃው ሰያፍ እየወጋ፣ በጣቱ እየጠረገ አወጣት። ጭቃዋን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ኮከቧ ታየች። ገለበጣት። ከኋላዋ ክር ማስገቢያ ቀለበት የላትም። ተሰብሮ ወድቋል። በምትኩ መሐሏ ላይ አባቱ በጋለ ሚስማር የበሳቸው ሁለት ጠማማ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ የበሰበሰ ክር ቁራጭ ተሰንቅሮ ቀርቷል።

እንኳየሁ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው አያውቅም፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከዚያ ቀለህ አገኘ። ሥሩ ላይ ያለውን ምልክት ማየት አላስፈለገውም፤ እሱ ራሱ ሰባት ዓመት በትከሻው የተሸከመው ጠመንጃ ቀለህ ነው። የጣሊያን አይደለም።

ያን ቀንና በማግስቱ መሣሪያውን ጥሎ በእጁ ብቻ ቆፈረ። ፈንጂ በሚቆፍርበት አኳኋን፣ ምንም ሳያንቀሳቅስ፣ ምንም ሳይጎትት። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። የወንድሙን ኮት አንገትጌ ለየው። አጥንቱን ከጉድጓዱ ሊያወጣ ግን አልደፈረም። ራሱን ወደ ምዕራብ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንዲያይ ብቻ አቃናው፤ ክርስቲያን እንዲያ ነው የሚቀበረው። ከዚያ አፈሩን መለሰና አለቀሰ።

ቀና ሲል አያ የሻው በላዩ ቆመዋል።

«አትሂድ ብዬህ ነበር» አሉት።

«ያውቁ ነበር?»

«ማኪናዋን ሰምቻለሁ። ጧት ደግሞ አፈሩን አየሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ በሬዬን በዚያ በኩል አዙሬ አላውቅም።» «ያንተ ሰው አለበት?»

«ወንድሜ።»

አያ የሻው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እንኳየሁ ከተማ ወርዶ ቀይ ቀለም ገዛ። ድንጋይ እየቀባ ቦታውን በክብ ከበበው፤ እንጨት ላይም «አደጋ! ፈንጂ» ብሎ ጽፎ ተከለ። ሰው እንዳይቆፍረው፣ ከብት እንዳይረግጠው ከዚህ የተሻለ አጥር አልታየውም። ለመሥሪያ ቤቱም ያልፈነዳ የጣሊያን ፈንጂ አግኝቻለሁ፣ እስኪነሳ ማንም እንዳይቀርብ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሲዋሽ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ይህኛው ቀለለው።

ቁልፏን ኪሱ ከተታት። ሦስት ቀን ይዟት ዋለ፣ ይዟት አደረ። ነገር ግን ያ ሳይቆፍሩ የመጻፍ ሕጉ ጉድ ሠራው። ጓድ አንዳርጋቸው መዝገቡን ከዕቃው ጋር ሲያመሳክሩ አርባ አንደኛዋ ጎደለች።

«ጓድ እንኳየሁ፣ ቁልፍ፣ ነሐስ ይላል። የት አለች?»

«ተሳስቼ ጽፌ ይሆናል።»

«አንተ?» ጓድ አንዳርጋቸው ሳቁ። «አንተ በጆሮህ ተሳስተህ አታውቅም። የሕዝብ ንብረት ናት፤ ለማስታወሻ አስቀርቷት እንዳይባል።» ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ያን ዘመን የሕዝብ ንብረት የሚለው ቃል ከተነሳ በኋላ ኪሱን የሚደብቅ ሰው አልነበረም። እንኳየሁ እጁን ኪሱ ከቶ አወጣት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

ኤግዚቢሽኑን የምታሰናዳው አማረች የምትባል የተማረች ልጅ ነበረች፤ ቅን፣ ሥራዋን የምትወድ። ቁልፏን ስታይ ዓይኗ በራ። «ይህቺ ከሁሉ ትለያለች! አየሃት፣ ጋሼ እንኳየሁ? በሚስማር የተበሳች ናት።» ጓድ አንዳርጋቸውም ቀዳዳዎቹን በመነጽራቸው አዩና ወዲያው ገባቸው፤ ለእሳቸው የማይገባ ነገር የለም። በአስቸኳይ አስጻፉ፦ «የፋሺስት ወታደር የኮት ቁልፍ። በሚስማር የተበሳ። ወራሪው ጦር በመጨረሻው ሰዓት ቁልፍ መግዣ እንኳን አጥቶ እንደነበር ያረጋግጣል።» ከመስታወቱ ሣጥን መሐል፣ ቀይ ጨርቅ ላይ አኖሯት። እንኳየሁ ወደ ጥግ ቢያደርጓት ምን አለበት አለ። አማረች «ምነው! ጌጣችን እኮ ናት» አለችው።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረችው፤ እናቱ እንዳትመጣ። ቀበሌው ግን የሴቶች ማኅበር አባላት በሙሉ መክፈቻው ላይ እንዲገኙ አዟል፤ ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ የአርበኛ ሚስት ስለሆነች ከፊት ወንበር ተይዞላታል።

ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠ። እነግራታለሁ ብሎ ነበር የመጣው።

«እምዬ፣ ከነገ ወዲያ ባትሄጂስ? ጉልበትሽን እያመመሽ።»

«ያባትህ ፎቶ ይሰቀላል ብለኸኝ የለ? በቃሬዛም ቢሆን እሄዳለሁ።» ክሩን ሳበች፣ አጠነጠነች። «የዘንድሮው ወፈር ይበል። በረሃውም ቢሆን ሌሊት ይበርዳል አሉኝ።»

አፉን ከፈተ። ክሩ እንዝርቷ ላይ ሲሽከረከር አየና መልሶ ገጠመው። ፈሪ ነኝ ሲል አሰበ፤ ፈንጂ ላይ እጄን ስሰድ ያልፈራሁ ሰው፣ እናቴን ፈራሁ።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ጓድ አንዳርጋቸው አርባ ደቂቃ ተናገሩ፣ ሕዝቡ አርባ ደቂቃ አዛጋ። ከዚያ ሪባን ተቆረጠ፤ የአርበኛ ሚስቶች ይቅደሙ ተባለ። አማረች ወይዘሮ ወርቅውሃን በክንዷ ደግፋ ትመራት ጀመር፤ አሮጊቷ ማንበብ ስለማትችል ጽሑፉን እያነበበች ትነግራታለች። እንኳየሁ ሦስት እርምጃ ከኋላቸው ነበር። እናቱ የነጋን ፎቶ እያየች ፈገግ አለች። ኮዳውን አየች። የራስ ቁሩን አየች። የመስታወቱ ሣጥን ዘንድ ደረሰች።

መጀመሪያ አላስተዋለችም፤ አልፋ አንድ እርምጃ ሄዳ ነበር። ከዚያ ተመለሰች። ጎንበስ ብላ መስታወቱን በትንፋሿ አደበዘዘችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ እንደገና አየች።

«ይህቺ ምንድን ናት፣ ልጄ?»

«የጣሊያን ወታደር ቁልፍ ናት፣ እማማ። የተበሳችው በሚስማር ነው።»

«የት ተገኘች?»

«ሾላ በር ላይ። ከመሬት ውስጥ። ያገኛት እኮ የእርስዎ ልጅ ነው፤ አልነገርዎትም?» አለች አማረች፣ ደስ ብሏት።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ዞር ብላ እንኳየሁን አየችው። ብዙ አላየችውም። የሚበቃትን ያህል አየችውና ፊቷን መለሰች። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ጥለቱን ከታች ወደ ላይ ገልብጣ አዘቀዘቀችው፤ አንገቷ ላይ አዙራ ለበሰችው። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ አየቻት፤ ይህቺ «ልጄ በሕይወት አለ» እያለች አስተዛዛኝ የምታባርር ሴት መሆኗንም ሁሉም ያውቃሉ። ቁልፏ ምን እንደሆነች አላወቁም። የወርቅውሃ ነጠላ ግን ከሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጥ ይነበብ ነበር።

ከአጠገቧ የነበረችው እናኑ፣ ልጇ በዚያው ሰሞን እንደወጣ የቀረባት፣ የራሷን ነጠላ አወረደችና አዘቀዘቀች። ከእሷ ኋላ ያለችው ደገመች። ከዚያ ሌላዋ። አንድ ቃል ሳይነገር በአዳራሹ ውስጥ ጥለት ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ወይዘሮ ወርቅውሃ መዳፏን መስታወቱ ላይ አኖረችና «ልጄ! ልጄ! እንደ ወጣህ ቀረህ?» አለች፤ ያኔ ስድስት ዓመት የታፈነው ለቅሶ አንድ ላይ ፈነዳ። ደረት ተደቃ። እያንዳንዷ የራሷን ስም ትጠራ ነበር።

ጓድ አንዳርጋቸው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ወዲያው ግን ገባቸው። «ሰፊው ሕዝብ ለአርበኞቹ ያለውን ፍቅር ተመልከቱ!» ብለው ለፎቶግራፍ አንሺው ጠቆሙት፣ ሁሉም ተነስቶ የኅሊና ጸሎት እንዲያደርግም አዘዙ። እንኳየሁ አልተንቀሳቀሰም። በዚያች ከተማ ለነዚያ ልጆች በአደባባይ ሲለቀስ የመጀመሪያው ነበር፤ ፈቃዱን የሰጡትም ጓድ አንዳርጋቸው ናቸው።

እናቱ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችውም። ደርሰው መደቡ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው የጠየቀችው።

«አገልግሉን ሲመልሱልህ ያን ጊዜ አውቀህ ነበር?»

«አዎ።»

«ስድስት ዓመት ስፈትል አየኸኝ።»

«አዎ፣ እምዬ። መርዶ ከምትሰሚ ብዬ...»

«ተው!» አለች። «መርዶውን እንዳልሰማ ነው፣ ወይስ ወስደህ የሰጠኸው አንተ ነህና ዓይኔን እንዳታይ?»

«ዓይንሽን እንዳላይ ነው» አላት በመጨረሻ። እንዲህ ያለ እውነት ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ከተናገረ በኋላ መሬት ተቀመጠ። እናቱ አላነሳችውም። አልረገመችውምም።

«ብቻውን ነው?» አለችው።

«አይደለም። አሥራ አንድ ናቸው።»

«ኧረ የማርያም ያለህ!» አለች። እንደገና አለቀሰች፤ ይህኛው ለቅሶዋ ለሁሉም ነበር። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ «ጋቢዎቹስ?» አለች።

«አሉ።»

«ሁሉም?»

«አንድም አልጎደለ።»

«ጧት አምጣቸው።»

ሌሊቱን ስለ ቀዩ አጥርና ስለ አያ የሻው ሁሉ ነገራት፤ በነጋታው ሣጥኑን በጋሪ አስጭኖ አመጣ። ስድስቱንም አውጥታ መደቡ ላይ ደረደረቻቸው፤ የየትኛው ዓመት የትኛው እንደሆነ በፈትሉ ታውቀዋለች። በእጇ ዳበሰቻቸው። ፀሐይ እንዳሞቃቸው፣ ብል እንዳልነካቸው አየች።

«በምን ሥርዓት ልንሄድ ነው? ሰው ቢያየንስ?» አላት።

«ፈንጂ አለበት ብለህ አጥረኸው የለ? ማን ይደርስብናል? ቄሱን ያ የነገርኸኝ ገበሬ ያመጣልናል። ልጄን በእርቃኑ ተኝቶ አልተወውም። ሌሎቹም እናት አላቸው።»

«ጋቢው ስድስት ነው፣ እምዬ። አይበቃም።»

እናቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከትላንት ወዲህ ዓይኑን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «ጋቢ ድርብ አይደል? ስፌቱ ሲፈታ ሁለት ይሆናል» አለችና ምላጭ ሰጠችው። «ቁጭ በልና ተርትር።»

ተቀመጠ። ሰባት ዓመት ፈንጂ ያከሸፉ ጣቶች አንዲት ክር ለመያዝ ተቸገሩ። እሷ ከወዲያ ጫፍ፣ እሱ ከወዲህ ጫፍ ሆነው ጠርዙን እየፈቱ፣ እያላቀቁ፣ እያጠፉ እስከ ቀትር ሠሩ። እሷ አልፎ አልፎ የታከለን ነገር ታነሳለች፤ ትሰቀስቃለች፤ ተመልሳ ትተረትራለች። ሲጨርሱ እንኳየሁ ቆጠራቸው። አሥራ ሁለት ሆኑ።

«አንዷ ተረፈች» አላት።

ወይዘሮ ወርቅውሃ የተረፈችውን ተቀበለችው። የመጀመሪያው ዓመት ፈትል ናት፣ ከሁሉ ቀጭኗ። አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረቻት።

«አልተረፈችም። የኔ ናት» አለችው። «ወደ ሣጥኑ መልሳት። ስሞት በሷ ትገንዘኛለህ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካኝ፣ አንተው ራስህ።»

«እሺ፣ እምዬ» አለ እንኳየሁ። ተቀብሏት ከሣጥኑ ሥር አስቀመጣት፤ አሥራ አንዱን በጆንያ ጠቅልሎ ተሸከመና የጠዳን መኪና ለመያዝ ከእናቱ ኋላ ወጣ።